ትንበያ ከነጥርጣሬው ይነገር

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተማሪ የአንዲትን ዘንግ ርዝመት ለክቶ «12.4 ሴንቲሜትር ነው» ብሎ ቢያቀርብ፣ መምህሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሲደመር ሲቀነስ ስንት?» ብሎ ነው። የስህተት ወሰኑ ያልተገለጸ ልኬት ያላለቀ ልኬት ነውና። ይህ ደንብ በቤተ ሙከራ ግድግዳ ውስጥ ታጥሮ መቅረት የለበትም የሚል እምነት አለኝ። እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገው የብዙ ሰው ሕይወትና ንብረት በአንድ ቁጥር ላይ በሚንጠለጠልበት ሥፍራ ነው። ከእነዚህም አንዱ የአየር ጠባይ ትንበያ ነው።

ለክርክሬ ማስረጃ እንዲሆነኝ የመረጥኩት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ በክረምት ማገባደጃ ላይ የሚነሣውን ወጀብ ነው። ወጀቡ «ኖርኢስተር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘውም በዳርቻው ላይ ከሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ከሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በመሣሪያም በባለሙያም እጅግ ከተደራጁት የዓለም የትንበያ ተቋማት አንዱ በየዓመቱ የሚፈተንበት ክስተት በመሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን በተዘረጋው በዚህ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ «ነገ ሥራ ይኖር ይሆን? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ይሄዱ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛም የሚጠየቅ በመሆኑ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ቃላትን ላብራራ። በዚያ አገር ክረምት የሚባለው ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለው የብርድ ወራት ነው፤ የእኛ በጋ መሆኑ ነው። አማርኛችን ደግሞ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣር ውኃ በአብዛኛው «በረዶ» በሚል አንድ ስም ይጠራዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ የሚወርደውን ለስላሳውን «አመዳይ»፣ በአየር ላይ ቀልጦ መሬት ከመድረሱ በፊት መልሶ የረጋውን ጠንካራ ፍሬ ደግሞ «የበረዶ ጠጠር» እለዋለሁ። የክርክሩ ግማሽ በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ወጀቡ እንዴት ይወለዳል?

በክረምት ማገባደጃ ላይ ከካናዳ የሚወርደው አየር ገና ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። ከዳርቻው ባሻገር ግን ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ከደቡብ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። በዚህም ምክንያት በጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ርቀት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የሚደርስ የሙቀት ልዩነት ይፈጠራል። የሙቀት ልዩነት ባለበት ሁሉ ወደ እንቅስቃሴ ሊለወጥ የሚችል ኃይል ተከማችቶ ይገኛል።

ከፍ ባለው የአየር ክፍል የሚጓዘው ፈጣን የነፋስ ጅረት በዚህ ድንበር ላይ ተጣጥፎ ሲያልፍ፣ ከበላይ አየር ይበተናል፤ ከታች ያለውም አየር ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ላይ ይሳባል። በባሕሩ ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊትም ይወርዳል። ወደ ላይ የወጣው እርጥብ አየር ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ጠብታነት ይለወጣል። አንድ ኪሎግራም እንፋሎት ሲጤዝ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ድብቅ ሙቀት ይለቅቃል። ይህ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ይበልጥ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ወጀቡ ራሱን በራሱ ያበረታል። ፍሬድሪክ ሳንደርስና ጆን ጋያኩም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ማዕከላዊ ግፊቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በ24 ሄክቶፓስካል ገደማ የሚወርደውን ወጀብ «ቦምብ» ብለውታል፤ መመዘኛው እንደ ኬክሮሱ ከፍና ዝቅ ይላል።

የወጀቡ አጠቃላይ ባሕርይ በዚህ ያህል ይታወቃል። ዛሬም ኮምፒውተሮች የወጀቡን መምጣት ከቀናት በፊት ያበስራሉ። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው «በእኔ ሰፈር ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ዲግሪ፣ ጥቂት ኪሎሜትሮች፣ ስድስት ሰዓት

በማርች ወር በዚህ ዳርቻ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪን ታክኮ ይቆማል። የወጀቡ ማዕከል ወደ ባሕሩ ዘልቆ ካለፈ ከተሞቹ በቀዝቃዛው ወገን ይቀሩና አመዳይ ይወርድባቸዋል። ማዕከሉ ወደ ዳርቻው ከተጠጋ ግን ከባሕሩ የሚነፍሰው ሞቃት አየር ከመሬት 1 ወይም 2 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ እንደ ምላስ ሾልኮ ይገባል። መሬት ላይ ያለ ሰው አይሰማውም፤ ከበላዩ ግን አመዳዩ ቀልጦ ወደ ዝናብ ወይም ወደ በረዶ ጠጠር ይለወጣል።

ይህ ምን ያህል ሙቀት ይጠይቃል? ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። በዚያ ከፍታ ላይ ውፍረቱ 1 ኪሎሜትር የሆነ የአየር ንጣፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎግራም አየር በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 1,000 ጁል ይሰጣል። ስለዚህ ንጣፉ በሙሉ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1 ሚሊዮን ጁል ይገኛል። አንድ ኪሎግራም አመዳይ ለማቅለጥ 334,000 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ የተገኘው ሙቀት 3 ኪሎግራም ያህል ያቀልጣል። ይህም 3 ሚሊሜትር ውኃ መሆኑ ነው። ነፋሱ አዲስ ሞቃት አየር ማምጣቱን ካላቋረጠ ደግሞ ማቅለጡ ይቀጥላል።

በተለመደው ስሌት 1 ሚሊሜትር ውኃ 1 ሴንቲሜትር አመዳይ ይሆናል። እንግዲህ ወጀቡ 25 ሚሊሜትር ውኃ ይዞ ቢመጣና ሁሉም በአመዳይ መልክ ቢወርድ፣ በመንገዱ ላይ 25 ሴንቲሜትር ይከመራል። ያው ውኃ በበረዶ ጠጠር መልክ ቢወርድ ግን ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ትንበያው በውኃው መጠን ላይ ፍጹም ትክክል ሆኖ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ምክንያት በሕዝብ ዘንድ «ውሸት» ሊባል ይችላል።

የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው። በቦስተን ወደብ በባሕር ሙላትና በባሕር ጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደውም ጊዜ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ነፋሱ ባሕሩን በ1 ሜትር ከፍ አድርጎ ወደ ዳርቻው ቢገፋው፣ ይህ በጉድለቱ ሰዓት ከሆነ ውኃው ከወትሮው ሙላት 2 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የሚያስተውለውም የለም። በሙላቱ ሰዓት ከሆነ ግን ያው 1 ሜትር መንገድና ምድር ቤት ያጥለቀልቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 1962 የደረሰው ወጀብ ጨረቃ ለምድር በቀረበችበትና ሙላቱ ከወትሮው በበለጠበት ወቅት አምስት ተከታታይ ሙላቶችን አሳልፎ ስለቆየ፣ በመካከለኛው አትላንቲክ ዳርቻ ከፍተኛ ጥፋት አድርሷል። በማርች 2018ም አራት ወጀቦች በተከታታይ መጥተው፣ የመጀመሪያው በማሳቹሴትስ ዳርቻ በበርካታ ተከታታይ ሙላቶች ላይ በማረፉ ብርቱ መጥለቅለቅ አስከትሏል።

ጥርጣሬም ይለካል

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ትንበያ ከንቱ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሳይንሱ ከደረሰባቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ የራሱን ጥርጣሬ መለካት መቻሉ ነው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ሎሬንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በኮምፒውተር የሚሠራውን ስሌት ከመካከል ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባ። ከአንድ ሺህኛ ያነሰችው ይህች ልዩነት በሞዴሉ የጊዜ አቆጣጠር ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ፈጽሞ የተለየ የአየር ጠባይ ሰጠችው። በ1963 ያሳተመው ጥናት የኬኦስ ሳይንስ መሠረት ሆነ። ትርጉሙም ግልጽ ነው። የዛሬን አየር በፍጹም ትክክለኛነት ስለማንለካ፣ የነገን አየር በአንድ ቁጥር ብቻ የመናገር መብት የለንም።

ባለሙያዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ጥምር ትንበያ ነው። አንዱን ስሌት በጥቂቱ በተለያዩ መነሻዎች ደጋግመው ያሰሉታል። ውጤቶቹ ተቀራርበው ከተገኙ ትንበያው የሚታመን ነው፤ ከተበታተኑ ደግሞ አየሩ ራሱ ገና ያልወሰነ መሆኑ ይታወቃል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከልና የአሜሪካው ብሔራዊ ማዕከል ይህን ዘዴ በመደበኛነት ሥራ ላይ ያዋሉት እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ላይ ነው።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ከማርች 12 እስከ 14 ቀን 1993 «የምዕተ ዓመቱ ወጀብ» የተባለው መጣ። ማዕከላዊ ግፊቱ ወደ 960 ሄክቶፓስካል ወርዶ ነበር። መምጣቱ አምስት ቀን ያህል አስቀድሞ በመነገሩ፣ ገዥዎች አመዳዩ ገና ሳይወርድ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። ይህ በትንበያ ታሪክ እንደ ድል ይቆጠራል። ሆኖም በዚያው ወጀብ በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ የተነሣው የባሕር ጎርፍ ነዋሪውን በሌሊት ሳይዘጋጅ ደርሶበት ብዙ ሰው ገደለ። ታላቁ ሥዕል ትክክል ሆኖ ሳለ የአንድ ሰፈር ዕጣ ሊሳት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የተያዘው እውቀት

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 (መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.) በኒው ዮርክ ከተማ ላይ ይወርዳል ተብሎ የተነገረው አመዳይ እስከ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ወጀቡ ግን ወደ ዳርቻው ተጠግቶ አለፈ። ሞቃቱ አየር ገባ፤ አመዳዩም ወደ በረዶ ጠጠርና ዝናብ ተለወጠ። በሴንትራል ፓርክ የተለካው 19 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በአንጻሩ ከዳርቻው ርቃ በምትገኘው በቢንግሃምተን ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ወረደ።

ትንበያ መሳቱ አያስነቅፍም። የሚያከራክረው ሌላ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በዚያው ሳምንት እንደዘገበው፣ የብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ባለሙያዎች ወጀቡ ከመድረሱ በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ አዳዲሶቹ ስሌቶች የከተማዋን አመዳይ እንደቀነሱ አይተዋል። ተመካክረውም የተነገረውን ከፍተኛ መጠን ላለመለወጥ ወሰኑ። ምክንያታቸው በመጨረሻው ሰዓት ትንበያውን ዝቅ ማድረግ ሕዝቡን ግራ ያጋባል፣ ጥንቃቄውንም ያላላል የሚል ነበር።

ይህ ውሳኔ የመጣው ከክፋት አይደለም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2015 ለኒው ዮርክ ከ50 እስከ 75 ሴንቲሜትር ተተንብዮ፣ የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ሳይቀር ከቆመ በኋላ፣ በሴንትራል ፓርክ የወረደው 25 ሴንቲሜትር ነበር። ከዚያ 80 ኪሎሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በሎንግ አይላንድ ግን ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ወርዷል። ያኔ የአገልግሎቱ ዋና ኃላፊ የነበሩት ሉዊስ ኡቼሊኒ፣ የዚህን ወጀብ ሳይንስ በማጥናት የታወቁ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ትንበያ በኋላ ጥርጣሬን ለሕዝብ በተሻለ መንገድ መግለጽ እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር። ትምህርቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በ2017 የተያዘው እውቀት ሳይነገር ቀረ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ባለሙያው ያወቀውን አዲስ ነገር ለሕዝቡ ጥቅም ብሎም ቢሆን ሊደብቅ አይገባውም። አደጋው አልጠፋም ነበር፤ ነፋሱም፣ የበረዶ ጠጠሩም፣ የባሕሩ ሙላትም ነበሩ። ስለዚህ «የአመዳዩ መጠን የመቀነስ ዕድሉ ጨምሯል፤ መንገዱ ግን በበረዶ ጠጠር ስለሚያዳልጥ ከቤት አትውጡ» ማለት ይቻል ነበር። የአደጋውን ዓይነት በስሙ መጥራት እያለ፣ ያላመኑበትን ቁጥር ማስፈራሪያ አድርጎ ማቆየት ለሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገውን አመኔታ ዛሬ መብላት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የተያዘውም ምስጢር ቀናት ሳይቆይ ወጣ።

«ሕዝቡ አይገባውም» የሚለው ተቃውሞ

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ «ሕዝቡ የሚፈልገው አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ነው፤ የዕድል ስሌት አይገባውም» የሚል ነው። ከንቲባ ትምህርት ቤትን 40 በመቶ ሊዘጋ አይችልም፤ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ይከፍታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔው አንድ በመሆኑ ለውሳኔው የሚያስፈልገው መረጃ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ማለት አይደለም።

በምሳሌ ላስረዳ። በዋሽንግተን አቅራቢያ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ኢትዮጵያዊት ለነገ እንጀራ ይጋገር ወይስ ቤቱ ይዘጋ ብላ ዛሬ ማታ መወሰን አለባት እንበል። ብትዘጋ የ300 ዶላር ትርፍ ይቀርባታል። ከፍታ ወጀቡ ቢመጣ በሠራተኛ ደመወዝና በሚበላሽ ምግብ 1,000 ዶላር ትከስራለች። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 300 ለሁለቱ ድምር ለ1,300 ሲካፈል 0.23 ገደማ ይሆናል። የወጀቡ ዕድል ከ23 በመቶ ገደማ ከበለጠ መዝጋት፣ ካነሰ መክፈት ይሻላታል። የከተማው የመንገድ ኃላፊ ደግሞ አስቀድሞ ጨው ለማስበተን 50,000 ዶላር ቢያወጣና ሳያስበትን ወጀቡ ቢመጣ ጉዳቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፣ ለእርሱ ወሰኑ 5 በመቶ ነው። ዕድሉ 15 በመቶ በሆነበት ማታ እርስዋ መክፈቷ፣ እርሱም ጨው ማስበተኑ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ወጀብ ይመጣል» ወይም «አይመጣም» የሚለው ነጠላ ትንበያ ግን ከሁለቱ አንዳቸውን ያሳስታል። ተንባዩ ጥርጣሬውን ሲደብቅ የሌሎችን ውሳኔ ሳይጠይቃቸው እርሱ ወስኖላቸዋል ማለት ነው።

ለዶክትሬት ትምህርት በዚያ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ታክሲ ነጂውም ሆነ የሕንፃ ጥበቃው «የዝናብ ዕድል 30 በመቶ» የሚለውን ሰምቶ ጃንጥላ ስለመያዝ ሲወስን አይቻለሁ። አገልግሎቱ የዝናብን ዕድል በመቶኛ መናገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬም የአመዳይን ትንበያ ሲያወጣ ከሚጠበቀው መጠን ጎን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት የሚያሳዩ ካርታዎችን ያቀርባል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። የሚቀረው የዜና ማሠራጫዎች ከሦስቱ ካርታዎች አስፈሪውን ብቻ መርጠው ማሳየታቸውን መተው ነው።

«ዕድል የሚናገር ተንባይ መቼም አይሳሳትም፤ ማምለጫ አበጅቷል» የሚሉም አሉ። ይህም አያስኬድም። አንድ ተንባይ «30 በመቶ» ያለባቸውን ቀናት ሁሉ ሰብስበን ብንቆጥር፣ ክስተቱ ከአሥሩ በሦስቱ ገደማ መድረስ አለበት። በስድስቱ ከደረሰ ተንባዩ ተሳስቷል። ግሌን ብራየር እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን የሚመዝን የሒሳብ መለኪያ አቅርቧል። ስለዚህ ጥርጣሬን በቁጥር መናገር ራስን ለምርመራ ማቅረብ ነው።

ለእኛስ?

አገራችን የኖርኢስተር ስጋት የለባትም። ጉዳዩ ግን ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ በባሕርዩ የዕድል ትንበያ ነው፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ለሦስት ከፍሎ ያስቀምጣል። ከመደበኛ በላይ የመሆኑ ዕድል 45 በመቶ ነው ሲባል፣ ከመቶ በ55ቱ ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በመንገድ ላይ ተራግፎ ለገበሬው «ዘንድሮ ዝናቡ መልካም ነው» ተብሎ ከደረሰው፣ ዘሩን ሁሉ በአንድ ዓይነት እህል ላይ ሊያውለው ይችላል። ከነዕድሉ ቢነገረው ግን ከማሳው ከፊሉን ቶሎ ለሚደርስ ዘር ይተዋል። ገበሬ አደጋን ማከፋፈል ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚጎድለው ቁጥሩ ነው።

በዚህ ፋኩልቲም ሆነ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የምትገኙ ተማሪዎች ነገ ትንበያ አውጪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የግብርና ባለሙያዎችና አስተዳዳሪዎች ትሆናላችሁ። የስታቲስቲክስን ትምህርት ለፈተና ብቻ አትያዙት። ትንበያ ስትሰሙ «ከአሥር ጊዜ በስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ለሌላው የምትናገሩበት ቀን ሲመጣ የምታውቁትን ያህል፣ የማታውቁትንም ያህል ለክታችሁ ንገሩ። ከመናገራችሁ በኋላ አዲስ መረጃ ቢመጣ ደግሞ፣ ሰዓቱ ቢረፍድም፣ ሰውም ቢያጉረመርም፣ ቁጥሩን ለውጡ።